ድሀ አደጉና መበለቲቱ፦ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ታሪካችን ለቤተ ክርስቲያን የተወው ጥያቄ

መግቢያ

አንድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ አንድ ወጣት ወደ እናንተ ቀርቦ በእንግሊዝኛ እንዲህ ቢላችሁ ምን ትመልሱለታላችሁ? “የተወለድሁት ኢትዮጵያ ነው። በ4 ዓመቴ ወደ አሜሪካ ተወሰድሁ። ያሳደጉኝ ሰዎች አማኞች ናቸው፤ እግዚአብሔር ለእነርሱ እንደ መረጠኝ ሲነግሩኝ አደግሁ። አሁን ግን እናቴ በሕይወት እንዳለች ሰማሁ። እግዚአብሔር እኔን ሲመርጠኝ እርሷን ምን አላት?”

ጥያቄውን ለዚህ ጽሑፍ የቀረጽሁት እኔ ነኝ፤ ጠያቂዎቹ ግን በእውነት አሉ። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ በጉዲፈቻ ከአገር የወጡት ሕፃናት ዛሬ ጎልማሶች ሆነዋል። ብዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ እየተመለሱ ዘመድ ያፈላልጋሉ። “ቤተሰብ ፍለጋ” በሚል ስም የተከፈተው መዝገብም ወላጆችንና ልጆችን ለማገናኘት ይሠራል። ጥያቄያቸው የሕግ ብቻ አይደለም። “ልጅነት” የሚለውን የወንጌል ቃል እየሰሙ አድገዋልና ጥያቄያቸው የነገረ መለኮት ጥያቄም ነው። ስለዚህ መልስ የሚጠበቀው ከእኛም ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለአንድ ነገር ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ድሀ አደጉንና መበለቲቱን በአንድ ትንፋሽ ይጠራቸዋል። የውጭ አገር ጉዲፈቻ ታሪካችን ትልቁ ስሕተት ደግሞ ሁለቱን መለያየቱ ነው፤ ድሀ አደጉን አየን፣ መበለቲቱን ግን አላየንም። ይህን ለማሳየት በመጀመሪያ ታሪኩን፣ ቀጥሎ ሕጉን፣ በመጨረሻም ቃሉን እንመለከታለን።

ከስድስት ኪሎ እስከ አራዳ

ታሪኩን ከስድስት ኪሎ መጀመር ተገቢ ነው። አደባባዩ ላይ የቆመው ሐውልት የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. እና በተከታዮቹ ቀናት ፋሺስቶች የጨፈጨፏቸውን ያስታውሳል። በእነዚያ ቀናት ስንቶች ያለ አባት እንደ ቀሩ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው። ከአደባባዩ ፊት ለፊት ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተሰጥቶ ዛሬ የተማሪዎች ግቢ ነው። በዚሁ ሰፈር የእማሆይ ተሬዛ እኅቶች ቤት ጠያቂ የሌላቸውን ሕሙማን ይቀበላል። ከዚያ ወደ ታች፣ ወደ አራዳ ስንወርድ የአርመኖች የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። እኛ ልጅ ወደ ውጭ ከመላካችን በፊት ከሌላ አገር ልጆች ተቀብለን እንደ ነበር የሚያስታውሰን ይህ ቤተ ክርስቲያን ነው።

በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ከዘር ማጥፋቱ የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ሙዚቃ ሲጫወቱ አገኙ። ከፓትርያርኩ ጋር ተስማምተው 40 የሚሆኑትን ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። እነዚህ “አርባ ልጆች” ተብለው የሚታወቁት ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን በኋላ እስከ ዐብዮቱ ድረስ የተዘመረውን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ።

ይህን ታሪክ ስናነብ ሁለት ነገር እናስተውል። አንደኛ፣ ልጆቹ የተፈለጉት ስለሚጠቅሙ ጭምር ነበር፤ መንግሥቱ ባንድ ያስፈልገው ነበር። ርኅራኄና ፍላጎት አብረው መጡ። ሁለተኛ፣ ልጆቹ ቋንቋቸውን፣ ስማቸውንና ቤተ ክርስቲያናቸውን አላጡም። አርባ ሆነው አብረው መጡ፤ መሪያቸው ከወገናቸው ነበር፤ አራዳ ላይም ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የኖረ የአርመን ማኅበረሰብ ጠበቃቸው። ፍጹም ባይሆንም ሰውን ከሥሩ ሳይነቅል የተቀበለ አቀባበል ነው።

ከዚያ 56 ዓመት ቀደም ብሎ ግን ተቃራኒው በእኛ ላይ ደርሶ ነበር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ዓለማየሁ 7 ዓመት ገና አልሞላውም ነበር። የእንግሊዝ ጦር ከእናቱ ከእቴጌ ጥሩወርቅ ጋር ይዞት ሲወጣ እናቱ በመንገድ ላይ በትግራይ ዐረፉ። ልጁ አማርኛ በሚያውቀው በካፒቴን ስፒዲ እጅ ወደ እንግሊዝ ተወሰደ። ንግሥት ቪክቶሪያም ወደዱት። ሆኖም መንግሥት “በሥርዐት ይማር” ብሎ ከስፒዲም ለየው፤ ሁለተኛ መለየት ማለት ነው። በትምህርት ቤትም በወታደር ማሠልጠኛም ደስታ አላገኘም። በ1872 ዓ.ም. በ18 ዓመቱ በሊድስ ሞተ፤ በዊንዘር ቤተ መንግሥት በሚገኘው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ጸሎት ተቀበረ። በ2015 ዓ.ም. ዐፅሙ እንዲመለስ ለቀረበው ጥያቄ የቤተ መንግሥቱ መልስ፣ በአካባቢው ያረፉትን የሌሎችን ዕረፍት ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም የሚል ነበር።

እናንተ የቃሉ አገልጋዮች ይህን ልብ በሉ፦ በዚያ ቤተ ጸሎት ለዓለማየሁ መታሰቢያ በተሠራው የነሐስ ሰሌዳ ላይ የተቀረጸው ከማቴዎስ 25 ጌታ ስለ እንግዳ መቀበል የተናገረው ቃል ነው። የጻፉት ሰዎች ከልባቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ልጁን የወደዱት ነበሩ። ነገር ግን ልጁን እንግዳ ያደረገው ማን ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ቅን ልብ፣ እውነተኛ ጥቅስ፣ ያልተጠየቀ ጥያቄ፤ ከ140 ዓመት ገደማ በኋላ በእኛው ዘመን የሆነውም በብዙ መንገድ ይህንኑ ይመስላል።

ጉዲፈቻ፣ ማደጎና የባሕር ማዶው ሕግ

ጉዲፈቻ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ የገባ፣ ከማሳደግ ጋር የተያያዘ ቃል ነው። በኦሮሞ ባህል የጉዲፈቻ ልጅ የአሳዳጊው ሙሉ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ በስሙ ይጠራል። ሥርዐቱ ግን በሽማግሌዎች ፊት፣ ሁለቱ ቤተሰቦች እየተዋወቁ የሚፈጸም ነው። በአማራውም “የጡት ልጅ” የሚባለው ዝምድና ሁለት ቤት የሚያዛምድ እንጂ አንዱን ቤት የሚዘጋ አልነበረም። “ማደጎ” ደግሞ ከዚህ ይላላል፤ ልጁ በሌላ ቤት ያድጋል፣ የወላጆቹ ልጅነቱ ግን እንደ ተጠበቀ ነው።

በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ይህን መንፈስ ይዞ ነበር። በአንቀጽ 183 መሠረት የጉዲፈቻ ልጅ ከትውልድ ቤተሰቡ ጋር ያለው ዝምድና አይቋረጥም፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሲሆን ግን የአሳዳጊው ቤተሰብ ይቀድማል። አንቀጽ 195 ጉዲፈቻ እንደማይፈርስ ከደነገገ በኋላ፣ አሳዳጊው ልጁን እንደ ባሪያ ወይም ለወደፊት ሕይወቱ ጎጂ በሆነ ሁኔታ ከያዘው ፍርድ ቤት ሊያፈርሰው እንደሚችል ይናገራል። አሳዳጊው የውጭ ዜጋ ሲሆን ደግሞ የሕፃናትን ደኅንነት የሚከታተለው የመንግሥት አካል አስተያየት ሳይሰጥ ፍርድ ቤቱ እንዳያጸድቅ ሕጉ ያዝ ነበር።

ልጁ ውቅያኖሱን ሲሻገር ግን ወደ ሌላ ሕግ ይገባል። በአሜሪካ ግዛቶች የተለመደው ጉዲፈቻ የትውልድ ቤተሰብን መብትና ዝምድና ጨርሶ ይቆርጣል። አዲስ የልደት ምስክር ወረቀት ይወጣል፤ በወላጅነት የሚጻፉትም አሳዳጊዎቹ ናቸው። እንግዲህ አስቡት፦ አንዲት የገጠር እናት አዲስ አበባ ፍርድ ቤት ቆማ “ተስማምተሻል?” ተብላ ስትጠየቅ፣ በልቧ ያለው ማደጎ ነው። ልጇ ተምሮ ያድጋል፣ ይጽፍላታል፣ አንድ ቀን ይመለሳል። የፈረመችው ወረቀት ጉዲፈቻ ይላል። ልጇ የሄደበት አገር የሚያውቀው ደግሞ ፍጹም መቆረጥን ነው። ሦስት የተለያዩ ነገሮች በአንድ ቃል ተጠሩ፤ በቃላቱ መካከል ባለው ክፍተት እናቲቱ ወደቀች።

የጥድፊያው ዘመን

በ1990ዎቹ መጨረሻ ቁጥሩ በድንገት አሻቀበ። ወደ አሜሪካ ብቻ በ2005 እ.ኤ.አ. የሄዱት ከ450 ያነሱ ነበሩ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. ከ2,500 በላይ ሆኑ። በዚያ ዓመት ለአሜሪካ አሳዳጊዎች ብዙ ልጅ በመስጠት ኢትዮጵያ ከቻይና ቀጥላ ሁለተኛ ነበረች። ከ1999 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ወደ አሜሪካ የሄዱት በጠቅላላ ከ15,000 በላይ ናቸው። ስፔን፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያንና ዴንማርክም ወስደዋል።

ለምን በዚያ ጊዜ? ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። ኤች አይ ቪ ወላጆችን ቀጥፎ ነበር፤ ድህነቱም የታወቀ ነው። ሌሎች አገሮች በራቸውን ሲያጠቡ ጠያቂዎች ወደ እኛ ዞሩ። የታወቁ የፊልም ተዋንያን ከኢትዮጵያ ልጅ መውሰዳቸውም ዐይን ስቧል። ለእኛ ለወንጌላውያን ግን የሚቀርበን ሌላ ምክንያት አለ። በእነዚያ ዓመታት በአሜሪካ ወንጌላውያን ዘንድ ትልቅ የጉዲፈቻ ንቅናቄ ተነሥቶ ነበር። በ2009 እ.ኤ.አ. የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ ጉዲፈቻን የሚያበረታታ ውሳኔ አሳለፈ። በዚያው ዓመት ራስል ሙር “አዶፕትድ ፎር ላይፍ” የተሰኘውን መጽሐፍ አሳተመ። መሠረተ ሐሳቡ ቀላልና ልብ የሚነካ ነው፤ እግዚአብሔር እኛን በክርስቶስ ልጆቹ አድርጎ ተቀብሎናል፣ ስለዚህ እኛም ወላጅ አልባውን እንቀበል።

በዚህ በኩል ደግሞ ብዙዎቹ ሕፃናት የመጡት ከደቡብ ነው፤ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፤ ማለትም ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ሥር ከሰደደችባቸው አካባቢዎች። ስለዚህ በሁለቱም ጫፍ አማኞች ነበሩ፤ በወሳጅ ቤትም በሰጪ ቤትም ይጸለይ ነበር።

በመካከል ግን ገንዘብ ነበር። አንድ የውጭ አገር ጉዲፈቻ ብዙ ጊዜ ከ20,000 ዶላር በላይ ይፈጅ ነበር። ለዚህ ያህል ገንዘብ በሩ ሲከፈት “ወላጅ አልባ” የሚለው ቃል መለጠጥ ጀመረ። በዓለም አቀፍ ድርጅቶች ቆጠራ አንድ ወላጁን ብቻ ያጣ ልጅም ወላጅ አልባ ተብሎ ይቈጠራል። በመድረክ ላይ ሲነገር ግን ሰሚው ሁሉም እናትም አባትም የሌላቸው ይመስለው ነበር። በ2014 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአንድ ጉዲፈቻ አስፈጻሚ ድርጅት ሠራተኞች ተከሰሱ፤ ክሱም ልጆቹን አሳድገው ከማያውቁ ማሳደጊያዎች ጋር የተፈረሙ የሐሰት ውሎችን ለአሜሪካ መንግሥት አቅርበዋል የሚል ነበር። ጥፋተኝነታቸውን ያመኑም ነበሩ።

ሁለት ታሪኮች ደግሞ ከቁጥር በላይ ይናገራሉ። “መርሲ መርሲ” የተባለው በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ የዴንማርክ ዘጋቢ ፊልም፣ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ባልና ሚስት ሞታችን ቀርቧል ብለው ሁለት ልጆቻቸውን ሲሰጡ ያሳያል። ወላጆቹ ግን አልሞቱም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በነፃ ይሰጥ ነበርና በሕይወት ኖሩ። የቀረባቸው ልጆቻቸው ናቸው። ሁለተኛው ታሪክ ከዚህ ይከብዳል። በግንቦት 2003 ዓ.ም. በዋሽንግተን ግዛት ከኢትዮጵያ የተወሰደች አንዲት ታዳጊ በአሳዳጊዎቿ ግቢ ውስጥ ከቅዝቃዜ የተነሣ ሞተች። በምግብ ክልከላና በድብደባ ተጎድታ ነበር። በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ሁለቱም አሳዳጊዎች በሞቷ ጥፋተኛ ተባሉ። አሳዳጊዎቹ የሚጸልዩና መጽሐፍ ቅዱስ የሚያነቡ ሰዎች ነበሩ።

ፍትሐዊ ለመሆን ይህም መባል አለበት፦ በፍቅር ያደጉ፣ እዚህ ሊታከም ከማይችል ሕመም የዳኑ፣ ከአሳዳጊዎቻቸው ጋር ሆነው የትውልድ ቤተሰባቸውን የጎበኙ ብዙዎች አሉ። የእነርሱን ምስክርነት መካድ ሌላ በደል ነው። ነገር ግን የአንዱ ደስታ የሌላውን እንባ አያብስም።

መንግሥት ደረጃ በደረጃ በሩን አጠበበ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. የሴቶች፣ ሕፃናትና ወጣቶች ጉዳይ ሚኒስቴር በቀን የሚያያቸውን ጉዳዮች ከ5 እንዳይበልጡ አደረገ። በሚያዝያ 2009 ዓ.ም. ሥራው ታገደ። ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ (አዋጅ ቁጥር 1070/2010) ለውጭ ዜጎች ጉዲፈቻ መስጠትን ከለከለ። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶች ቻርተርም በአንቀጽ 24 የውጭ አገር ጉዲፈቻን የመጨረሻ አማራጭ ብሎት ነበር። እኛ የመጨረሻውን መጀመሪያ አድርገነው ነበር።

“ልጅነት” በጳውሎስ ዘንድ

አሁን ወደ ቃሉ እንመለስ። የንቅናቄው ስሕተት ልጅነትን መስበኩ አይደለም፤ ከዚያ የሚበልጥ የምሥራች የለም። ስሕተቱ ጳውሎስ ስለ ጸጋ የተናገረውን ምሳሌ የሕፃናት ማዛወሪያ መመሪያ ማድረጉ ነው።

በሮሜ 8፥15 እና 23፣ 9፥4፣ በገላትያ 4፥5 እና በኤፌሶን 1፥5 የምናገኘው “ሁዮቴሲያ” የሚለው የግሪክ ቃል ከሮማውያን ሕግ ጋር ይዛመዳል። በዚያ ሕግ በጉዲፈቻ የሚወሰዱት አብዛኛውን ጊዜ ሕፃናት ሳይሆኑ ጎልማሳ ወንዶች ናቸው፤ ዓላማውም ወራሽ ማግኘት ነው። አውግስጦስ ጢባርዮስን ልጅ ያደረገው ጢባርዮስ ከ40 ዓመት በላይ ሆኖት ነው። ጳውሎስ ይህን የመኳንንት ልማድ ወስዶ ለባሪያዎች፣ ለሴቶችና ለአሕዛብ ሰጠው፤ ወራሾች ናችሁ አላቸው። ትኩረቱ ያለው በርስቱና “አባ” ብሎ በመጥራት ድፍረት ላይ ነው።

ደግሞም እግዚአብሔር ልጆቹ ሲያደርገን ከሌላ መልካም ወላጅ አልወሰደንም። የፈጠረን እርሱ ነውና የራሱን መለሰ። የሰው አሳዳጊ ይህን ስፍራ ሊይዝ አይችልም፤ የሚቀበለው ልጅ ፈጣሪ የሰጠው ሌላ እናት አለው። ወጣቱ “እርሷን ምን አላት?” ሲል የነካው ይህን ነው። ለእግዚአብሔር ብቻ የሚገባውን ሥራ ለሰው ስንሰጥ እናት ከታሪኩ ትጠፋለች።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን አያጠፋትም። ሙሴ በፈርዖን ልጅ ቤት ቢያድግም ያጠባችው እናቱ ናት፤ ሲጎለምስም ወንድሞቹን ያውቃል (ዘጸአት 2)። አስቴርን ያሳደጋት የአጎቷ ልጅ መርዶክዮስ ነው። በብሉይ ኪዳን ድሀ አደግ የሚባለው በተለይ አባት የሌለው ልጅ ነው፤ ስለዚህም ስሙ ከመበለቲቱ ጋር ደጋግሞ ይጠራል (ዘዳግም 10፥18)። ያዕቆብም ንጹሕ አምልኮን ሲገልጽ ሁለቱን አልለያቸውም (ያዕቆብ 1፥27)። ኢዮብ ከክፉዎች ሥራ መካከል ድሀ አደጉን ከእናቱ ጡት መንጠቅን ይቈጥራል (ኢዮብ 24፥9)።

ለዛሬ ጉዳያችን ከሁሉ የሚቀርበው 2ኛ ነገሥት 4፥1–7 ነው። የሞተው ሰው ከነቢያት ወገን ነበር፤ በእኛ ቋንቋ የነገረ መለኮት ተማሪ እንበለው። ዕዳ ትቶ ሄዷል፤ ባለ ዕዳውም ሁለቱን ልጆች ሊወስድ መጥቷል። ኤልሳዕ ለልጆቹ የተሻለ ቤት አልፈለገላቸውም። መበለቲቱን በቤቷ ምን እንዳላት ጠየቃት። አንድ ማሰሮ ዘይት ነበራት። ከጎረቤቶቿ ማድጋ እንድትለምን አዘዛት፤ ዘይቱም በዛ። በመጨረሻም ዕዳዋን ከፍላ በተረፈው ከልጆቿ ጋር እንድትኖር ነገራት። ተአምሩ የተሠራው ልጆቹ ከእናታቸው እንዳይለዩ ነው።

በጥድፊያው ዘመን ስንቶቻችን ይህን ጥያቄ ጠየቅን? ለአንድ ልጅ መሻገሪያ ከወጣው ገንዘብ ጥቂቱ ለእናቲቱ ቢሰጥ ኖሮ ስንት ቤት ሳይፈርስ በቀረ?

ከእኛ የሚጠበቀው

ሕጉ አንዱን በር ዘግቷል፤ ሌላውን በር ግን አልከፈተም። የከለከለን መንግሥት ነው፤ እኛ ራሳችን ገና ንስሐ አልገባንም። ስለዚህ አራት ነገሮችን አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ወላጅ አልባ የሚባል ልጅ ጉዳይ ወደ አጥቢያችሁ ሲመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ “ማን ይውሰደው?” አይሁን። “እናቱ የት ናት? አያቱስ? አክስቱስ? በቤታቸው ምን አለ?” ይሁን። የዲቁና አገልግሎታችን በጀት ከማሳደጊያው በፊት መበለቲቱን ይይ።

ሁለተኛ፣ በእርግጥ ማንም የሌላቸው ልጆች አሉና አማኞች በአገር ውስጥ ጉዲፈቻ ይቀበሏቸው። በዚህ ረገድ አበበች ጎበናን እናስታውስ፤ በ1972 ዓ.ም. ግሸን ማርያም ተሳልመው ሲመለሱ በወሎ ረኀብ ያገኟቸውን ሕፃናት ይዘው ገቡ፣ ስለ እነርሱም ትዳራቸውን እስከ ማጣት ደረሱ። የእኛ ቤተሰቦች ግን ሲቀበሉ ብዙ ጊዜ ይደብቃሉ፤ ልጁ እንዳያውቅ ሰፈር የሚቀይሩ አሉ። ይህ የባሕር ማዶውን መቆረጥ በገዛ ቤታችን መድገም ነው። ጉዲፈቻን በጉባኤ ፊት፣ በጸሎትና በግልጽ የምናደርገው እንሁን።

ሦስተኛ፣ ለምስክርነታችን እንጠንቀቅ። አገልጋይ ስለ አንድ ልጅ ሁኔታ በፊርማው ሲመሰክር ሐሰት እንዳይመሰክር የሚለውን ትእዛዝ ያስብ። ቀድሞ የመሰከርን ካለንም፣ የምናውቀውን ለሚፈልጉ ልጆች እንንገር።

አራተኛ፣ የሚመለሱትን እንቀበል። አስተርጓሚ እንሁናቸው፤ ወደ ወላይታም ወደ ጎንደርም አብረናቸው እንሂድ። ቤተሰብ ሲገኝ ሁለቱም ወገን ሊሸከሙት የማይችሉት ኀዘን አለና አጠገባቸው እንቀመጥ።

ለመጀመሪያው ወጣት ምን እንመልስለት? እኔ ብሆን እንዲህ እለው ነበር፦ “እግዚአብሔር አንተን ሲወድድ እናትህን አልጣላትም። ከእርሷ የለየህ የእርሱ ምርጫ ነው ብለን ያስተማርን ካለን ተሳስተናል፤ ይቅር በለን። አሁን ተነሥ፣ አብረን እንፈልጋት።” ይህን የምንለው ግን በቃል ብቻ እንዳይሆን፣ በዚህ ሳምንት በአጥቢያችን ልጇን ለመስጠት የምታስብ አንዲት መበለት ካለች በሯን እናንኳኳ።